ካውያና የጣሪያው ማቀዝቀዣ

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት ድሮ ሆቴል ውስጥ አብረዋት ልብስ ይተኩሱ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ስሙ በሥራዋ ብቻ የወጣላት እንዳይመስላችሁ። ቶሎ ትግላለች። የተጨማደደ ነገር ካየች ደግሞ፣ አንሶላም ይሁን ወሬ፣ ሳታቃና አታልፍም። «እሷ ፊት አታድበስብሺ፤ ትተኩስሻለች» ይባባሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የሆቴሉ ቀዝቃዛ ክፍል ተበላሽቶ ሥጋው ሊሸት ሲል፣ ቀጠን ረዘም ያለ ዝምተኛ ሰው የዕቃ ሳጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። ሌላው ጠጋኝ እንደሚያደርገው ካቻቢቴውን መዝዞ መፍታት አልጀመረም። ጎንበስ አለና ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ፤ ዓይኑን ጨፍኖም ቆየ። ካውያ አንሶላ ተሸክማ ስታልፍ አየችውና ቆመች።

«ምን አለህ?» አለችው ልታሾፍበት።

ዓይኑን ሳይገልጥ «ደከመኝ ነው የሚለው» አላት።

በዚያው ተያዘች። በሠርጋቸው ቀን ጓደኞቿ «ካውያና ፍሪጅ ተጋቡ፤ ወይ ይቀልጣል፣ ወይ ትበርዳለች!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ አልቀለጠም፤ እሷም አልበረደች። ከቤታቸው ጋር የተያያዘች አንዲት የጥገና ክፍል ከፈቱ። ሰፈሩ ጆሮውን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ የሚያዳምጠውን ሰው «ሐኪሙ» ብሎ ጠራው። ካውያም ሆቴሉ ሲዘጋ አጠገቡ ተቀመጠች። መጀመሪያ መብራት ያዘችለት። ቀጥሎ ዕቃ አቀበለችው። ከዚያ የበር ጎማ መቀየር፣ ሽቦ መፈተሽ፣ የተዘጋ ቧንቧ መክፈት ለመደች። ተማሪ ያላት የለም፤ እሷም ተማርኩ አላለችም።

ሐኪሙ አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ንግግሩ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ፤ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችለት። «ነገ» ይላል። «ውሃ ልስጥህ?» ስትለው «ነገ»። «አመመህ?» ስትለው «ነገ»። ሲናደድም ነገ፣ ሲያመሰግንም ነገ። የሆስፒታሏ ነርስ ካውያን ወደ ጎን ወስዳ «የምትይውን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋልም። ቃሉ መውጫው ነው የጠፋበት» አለቻት። አብሮ መሥራት፣ አብሮ ማንጎራጎር፣ ሰው መሀል ማስቀመጥ እንደሚረዳም ነገረቻት።

ሰው መሀል ማስቀመጡ ግን አልሆነም። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ደንበኛ ፍሪጁን ሊወስድ መጥቶ «ደርሷል?» ብሎ ቢጠይቀው ሐኪሙ «ነገ» አለው። «አልቋል ብለውኝ ነበር እኮ?» ሲለው አሁንም «ነገ»። ሰውየው ነገሩን ሳያውቅ «የእናንተ ነገ መቼም አያልቅ» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሐኪሙ ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ወደ ግቢው የሚያሳየውን መስኮት መጋረጃ በግራ እጁ ጎትቶ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ልማዱ ሆነ።

ክፍሉ ውስጥ ግን የሰው ፍሪጅ ተደርድሮ ቆሟል። ካውያ መጀመሪያ የጀመረውን ልጨርስለት ብላ ገባች። አንዱን ስትጨርስ ሌላ መጣ። የባሏ እህት ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥ ነበር፤ «ወንድሜ አልጋ ላይ ወድቆ አንቺ ፒንሳ ይዘሽ ትዞሪያለሽ?»

«ታዲያ ማን ይያዝልሽ? አንቺ ትይዥዋለሽ?» ትላታለች ካውያ።

የእህትየዋን አፍ ዘጋች እንጂ የራሷን ሆድ ግን አልዘጋችውም። ማታ ማታ ዕቃውን ስትሰበስብ፣ የሱ እጅ ያለሰለሰውን የካቻቢቴ እጀታ ስትጠርግ፣ ምናልባት ፊቱን የሚያዞረው ከደንበኛ ሳይሆን ከሷ ይሆን እያለች ትብሰለሰል ነበር። ቦታውን ቀማሁት? ብትጠይቀው መልሱ ያው ነገ ነው።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው አንድ ባልና ሚስት የመጡት።

ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። ካውያ የአንድ ጎረቤት ፍሪጅ በር ስታስተካክል ከደጅ ጥሩምባ ሰማች። ብቅ ብትል ከፊቱ ሲያዩት የጭነት መኪና፣ ከጎኑ ሲያዩት ቤት የሆነ ነገር በሩ ላይ ቆሟል። ባለ መጋረጃ መስኮት አለው። ትንሽ የብረት ደረጃ አለው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ነጭ ሳጥን እንደ ኤሊ ተለጥፎበታል።

ከመሪው ወርዶ የመጣው ፂሙ የሸበተ፣ ትከሻው የሰፋ ሰውዬ ነው። «እህቴ፣ የፍሪጅ ሐኪም ቤት እዚህ ነው አሉኝ።»

«እዚህ ነው። ሐኪሙ ግን ታሟል። እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ አሁን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ፊቱ ላይ የመጣውን ሐሳብ ለመደበቅ ቢሞክርም አልሆነለትም። ካውያ አልተቀየመችውም፤ ለምዳዋለች። «ችግሩን ይንገሩኝና ከቻልኩ እችላለሁ፣ ካልቻልኩ አልችልም እልዎታለሁ» አለችው።

ነገሩን አጫወታት። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። አገር ምድሩን ሲዞር ሚስቱ እቤት ሆና ልጅ አሳደገች፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርትም ሆና አስተማረች። ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ወሰደና በገዛ እጁ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ ሠርቶ ቤት አደረጋት። አሁን ተራው የሷ ነው፤ እስካሁን እሱ ብቻውን ያየውን መንገድ ሊያሳያት ነው። ወንድ ልጃቸው ቆላ ይኖራል፤ የመጀመሪያ ልጁ ተወልዶለታል። መምህሯ ግን የነርቭ ሕመም አለባት። በብርድ ምንም አትሆንም። ሙቀት ሲነካት ግን እግሯ ይከዳታል፤ ዓይኗም ይደበዝዝባታል።

«ለቅንጦት አይደለም ያስገጠምኩት» አለ ወደ ነጩ ሳጥን እየጠቆመ። «ያለ እሱ ቆላ ላወርዳት አልችልም። ይነሳል፤ ውይ ደስ ሲል፣ በረዶ የመሰለ አየር ይሰጣል። ትንሽ ቆይቶ ፀጥ! ውስጡ እሳት ነው፣ እሱ ግን ያርፋል። አንዱ ጠጋኝ ጋዙ አልቋል አለኝ። ሌላው ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው ብሎ ፈታትቶ ቀየረው። ሌላው ደግሞ አውርዳችሁ ጣሉት አለ።»

ከመኪናዋ መስኮት የተጠቀለለ ነጭ ፀጉር ያለው ጭንቅላት ብቅ አለ። «እህቴ፣ የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ንገሪን። ይኼ ሰውዬ ተስፋ እያጎረሰኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኝ። እኔም አልጠገብኩም፣ እየጎረስኩ መጣሁ።»

ካውያ ሳታስበው ሳቀች። እውነቱን ለመናገር የጣሪያ ማቀዝቀዣ ነክታ አታውቅም። ባሏ ሲሠራ አይታለች፤ ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ነው። አልችልም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የሴትየዋን ላብ ያጠመቀው ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ፍሪጅ እንጂ እንዲህ ዓይነቱን ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም» አለች ሳትደባብቅ። «ግን አየዋለሁ። እስከዚያ እናቴ እቤት ይግቡ፤ ቬንትሌተር አለ። ባለቤቴ ጋደም ብሏል። አይናገርም እንጂ ይሰማል።»

«ጥሩ ነው» አለች መምህሯ ምርኩዟን እየፈለገች፤ «ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አለኝ።»

ሹፌሩ መኪናዋን ወደ ግቢ አስገብቶ ሐኪሙ ከተኛበት መስኮት ጎን አቆማት። ካውያ ከጥገና ክፍሉ ገመድ ስባ መብራት ሰካችላት። መጀመሪያ በቴስተር ኃይሉን ለካች፤ በቂ ነው። ከዚያ መሰላል አስደግፋ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቆርቆሮው ያቃጥላል፤ ከጉልበቷ በታች ጆንያ አነጠፈች። የነጩን ሳጥን ክዳን ስትከፍተው አቧራና ደረቅ ቅጠል፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ የወፍ ጎጆ ጭራሮ አገኘች። እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች በአቧራ ተደፍነዋል። በብሩሽ ጠረገችው፤ በቀስታ ውሃ አፈሰሰችበት። የአየር ማራገቢያው በጣት ሲነኩት ይሽከረከራል። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጋ አየች። ጋዝ የሚያፈስ ቧንቧ ቅባት ያልበዋል፤ ይኼ ግን ደረቅ ነው።

«ጋዙ አላለቀም» አለች ወደ ታች።

«እሰይ!» አለ ሹፌሩ።

«ካፓሲተሩም ደህና ነው።»

«እሰይ!»

«እስኪ ያስነሱት።»

ማሽኑ አጉረመረመና ተነሳ። ሹፌሩ ከውስጥ ሆኖ «በረዶ ነው፣ በረዶ!» ብሎ ጮኸ። ካውያ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች፤ ቆሻሻው ነበር ማለት ነው ብላ ልቧ ሞቅ አለ። ገና ክዳኑን አንስታ ልትገጥም ስትል ጉርምርምታው ቆመ። ማራገቢያው ብቻ ባዶ አየር ያዞራል።

ጠበቀች። እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ቆመ። ሹፌሩ ከደረጃው ላይ ቀና ብሎ «ያው ነው፣ አይደል?» አላት።  አሁን ሐኪሙ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ጎንበስ አለችና ጆሮዋን የጋለው ሳጥን ላይ አስጠጋች። የምትሰማው ጩኸት ብቻ ነው። እሱ ከዚያ ጩኸት ውስጥ ቃል ይለቅም ነበር፤ ለሷ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። 

በዚህ መሀል ከታች የመምህሯን ድምፅ ሰማች። ለካ ሴትየዋ ማንንም ሳታስፈቅድ መጋረጃውን ገልጣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታዋለች።

«ስንት ልጆች አሉዎት?» ትላለች።

«ነገ» አለ ሐኪሙ።

ካውያ ጣሪያው ላይ ደርቃ ቀረች። ምነው ባልጠየቀችው!

«ነገ?» አለች መምህሯ። «ጉድ እኮ ነው! እኛ አርጅተን የልጅ ልጅ ልናይ ስንሄድ እርስዎ ገና ነገ ሊወልዱ ነው? ሚስትዎ ታውቃለች?»

 ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ካውያ መጀመሪያ ሳል መሰላት። ሳል አልነበረም። ሐኪሙ እየሳቀ ነው። ከወደቀ ወዲህ ሰምታው የማታውቀው፣ ከሆድ የሚወጣ የድሮ ሳቁ። ካቻቢቴው ከእጇ አምልጦ በቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ ወረደ።

መምህሯ በዚህ አላበቃችም። ሕፃናት ስታስተምር እንደለመደችው እያጨበጨበች ምት ታሰማዋለች፤ እሱም በግራ እጁ ጣት የመስኮቱን ብረት እየመታ ይመልስላታል። ማሽኑ ተነሳ። ሐኪሙ ሊያዳምጥ ምቱን አቋረጠ። ማሽኑ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተነሳ፤ ቆመ።

«እህቴ!» ስትል ተጣራች መምህሯ። «ነይ እስኪ ውረጂ! ባለቤትሽ የሚነግርሽ ነገር አለው።»

ካውያ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደ ግቢው ነው። ሲያያት ግራ እጁን አነሳና ጠብቂ አላት። ከንፈሩን ገጥሞ እንደ ማሽኑ አጉረመረመ፤ «እምምምም…» ከዚያ በጥፍሩ ብረቱን ጠቅ አደረገ፤ ጉርምርምታውንም ወዲያው አቋረጠ። ቅንድቡን አንስቶ አያት።

«ገባኝ፣ እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለች።

«ነገ!» አለ ትዕግሥቱ አልቆ። እንደገና ጀመረ። አሁን ግን ጉርምርምታውን ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ አደረገው፤ ሸክም እንደከበደው ሰው አቃሰተ፤ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ጠቅ አደረገ። ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ ይኼኛው አይደለም አላት። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እምምም፤ ጠቅ፤ ፀጥ።

ካውያ አፏን ያዘች። «ጠቅታው ይቀድማል!»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ ትራሱ ላይ ተደገፈ። በስንት ጭንቅ የተላከ መልእክት እንደደረሰለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ለኛም ንገሪን እንጂ» አለ ሹፌሩ መስኮቱ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ደክሞት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ይንገዳገዳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠቅ የሚለው። ይኼ ግን ጤነኛ ነው። እየሠራ ሳለ አንዱ አቁም ይለዋል፤ ጠቅ! እሱም ታዝዞ ያቆማል።»

«አቁም የሚለው ማነው?»

«ቴርሞስታቱ ነዋ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ በቃህ፣ እረፍ የሚለው።»

«ቤቱ ምድጃ ሆኖ ሳለ በቃህ ይለዋል?»

ካውያ ወደ ባሏ ዞረች። ሐኪሙ በግራ እጁ ከፊቱ ትንሽ ክብ ሠራ፤ አየር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እዚያው ሲገባ። አንዴ፣ ከዚያም ደግሞ።

«እሱ ያለበት ቦታ ብቻ ቀዝቅዟል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብርዱ ቤቱ ሳይገባ እዚያው ይመለሳል።»

ልትሮጥ ስትል ሐኪሙ እግሩን መሬት ላይ አደረገና ምርኩዙን ጠየቀ። ካውያ ደንግጣ «ልትወጣ ነው?» አለችው። «ነገ» አለና ተነሳ። መምህሯም ምርኩዟን ይዛ አብራ ተነሳች። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ ሳይታወቅ፣ ደጃፉን አለፉ። ሹፌሩ ሐኪሙን በብብቱ ይዞ ወደ መኪናዋ አወጣውና እዚያ ባለው አልጋ ላይ አስቀመጠው።

ካውያ ከጣሪያው በታች ያለውን ክዳን ፈታች። ውስጡ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው የቤቱን አየር ይስባል፤ ሁለተኛው ቀዝቃዛውን ይነፋል። በመሀላቸው የሚለያቸው ግድግዳ መኖር አለበት። ሶፍት ቀደደችና በጣቶቿ ይዛ አስጠጋች። ማሽኑ ሲነሳ፣ ቁራጩ ወደ ቤቱ መነፋት ሲገባው ወደ ጎን ተጠመዘዘና ወደሚስበው ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ገባ። እጇን ብትሰድ የተበጣጠሰ ስፖንጅ ብቻ ወጣላት። ግድግዳው ከቦታው የለም። ያ ካፓሲተሩን ልቀይር ብሎ የፈታታው ሰው ሳይመልሰው ቀርቶ ይሁን በርጅና ተፈርፍሮ፣ አይታወቅም።

«ይኸውላችሁ» አለች ፍርፋሪውን እያሳየች። «ማሽናችሁ ራሱን ነበር የሚያቀዘቅዘው።»

ሹፌሩ አናቱን ያዘ። «ያን ሁሉ መንገድ እኛ ስንቀቀል እሱ ብቻውን ሲዝናና ነው የመጣው?»

«ወንድ ነዋ» አለች መምህሯ።

ካውያ ቁራጭ ላሜራ ለክታ ቆረጠች፤ ጠርዙን አጠፈችው፤ ዙሪያውን አዲስ ስፖንጅ አለበሰችው። ግድግዳው ቦታው ላይ ልክክ አለ። ለማሸግ ጥቁሩን ናስትሮ ስታነሳ ከኋላዋ ጩኸት ተሰማ።

«ነገ!»

«ምነው? ይይዛል እኮ።»

«ነገ! ነገ!» ሐኪሙ ፊቱ ቀልቷል። ጣቶቹን እያሻሸ አሳያት፤ እርጥበት ሲነካው ይለቃል ማለቱ ነው።

«እሺ፣ በምን ላድርገው ታዲያ?»

በምርኩዙ ወደ ጥገና ክፍሉ ጠቆመ። ሹፌሩ ሮጠ፤ ሙጫ ይዞ መጣ። «ነገ!» ተመልሶ ሮጠ፤ የቧንቧ ማሰሪያ አመጣ። «ነገ!» ሰውየው ላቡ ጠብ እያለ በመጨረሻ ብርማ ቀለም ያለውን የአሉሚኒየም ፕላስተር ሲያመጣ ሐኪሙ በጭንቅላቱ ንቅንቅ እሺ አለ።

«ሲቆጣ ድሮም እንዲህ ነው» አለች ካውያ።  በባሏ መቆጣት እንዲህ ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም። እንደ ሕመምተኛ ስትንከባከበው ከርማለች፤ አሁን ግን እንደ ባልና እንደ ሥራ ባልደረባ እየተጨቃጨቁ ነው። «አትጩኽብኝ፤ ይኸው እየለጠፍኩ ነው! ጠርዙንም አያለሁ!» አለችው አውቃ፣ ጨምሮ እንዲጮህባት። እሱ ግን ዝም ብሎ ተነሳ። ሹፌሩ ከጎን ደገፈው። ግራ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ እሷ የለጠፈችውን ፕላስተር በአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ በአንድ እየዳመጠ አስተኛው።

ክዳኑን መለሱ። ማሽኑ ተነሳ።

 ሁልጊዜ የሚቆምበት ጊዜ ደረሰ፤ አለፈ። አሁንም ያጉረመርማል። ሹፌሩ ትንፋሹን ውጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቀዝቃዛው አየር ከአልጋው እስከ መሪው ድረስ ሞላ፤ የመስኮቱ መጋረጃ ተወዛወዘ። መምህሯ መጀመሪያ አንገቷ ላይ ያሰረችውን እርጥብ ፎጣ ፈታች። ቀጥላ እግሯን ዘርግታ ጣቶቿን አንቀሳቀሰቻቸው፤ ታዘዙላት። በመጨረሻ «አንተ፣ ሹራቤን አምጣልኝ» አለችው ባሏን።

ሹፌሩ ሹራቡን ሊያመጣ ሄደና ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንገቱን ከትቶ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ቤቱ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማሽኑም አረፈ። ሁሉም ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ትከሻውን ሰበቀ፤ አሁንማ ልክ ነው ማለቱ ነው። እንዳለውም ትንሽ ሞቅ ሲል ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተነሳ።

ሲሰናበቱ መምህሯ የሐኪሙን ደካማ ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «የልጄን ልጅ አቅፌ ስመለስ ያንን ነገ የሚወለደውን ያሳዩኛል» አለችው። ጉንጮቹን ግራና ቀኝ ስማው ወጣች። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር ሹፌሩ ጥሩምባውን አላቆመም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወደ አልጋው አልተመለሰም። ጥገና ክፍሉ ውስጥ የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መደርደሪያውን ያያል። ካውያ ዕቃ ስትሰበስብ ቆይታ ሥራዋን ተወችና ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ዕቃህን ስነካብህ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ቦታህን የቀማሁህ።»

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ቀኝ እጁን በግራው አነሳና ለቀቀው፤ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ዕቃ ወደቀ። ደግሞ ወደ በሩ፣ ደንበኛ ወደሚገባበት አሳያት፤ ከዚያ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ካውያ ይኼን ለመረዳት ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። የሸሸው እሷን አልነበረም። ሥራ መፍታቱን ነበር፤ መሳቂያ መሆኑን ነበር።

«ዛሬ ጣሪያው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ምን እንደሰማሁ ታውቃለህ?» አለችው። «ምንም! ጩኸት ብቻ። እኔ እጅ አለኝ፤ ጆሮ ግን የለኝም። ያለ አንተ ጆሮ ይኼ ቤት አይሠራም። እያባበልኩህ አይደለም፤ ታውቀኛለህ፣ ማባበል አልችልበትም።»

ሐኪሙ አያት። ማባበል እንደማትችልበት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈገግ አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ወንበሩ ላይ መዋል ጀመረ። ካውያ ለደንበኛ ሁሉ ገና ሲገባ ትነግረዋለች፤ «ባለቤቴ የሚናገራት ቃል አንድ ናት። ሁሉን ይሰማል። ቢያስቅህ ከሱ ጋር ሳቅ እንጂ በሱ ላይ አትሳቅ፤ አለዚያ ፍሪጅህን ሌላ ቦታ ውሰድ።» ያልገባው ደንበኛ አልነበረም። ሐኪሙ ያዳምጣል፣ በጣቱ ይመታል፣ ያጉረመርማል፤ እሷ ትፈታለች፣ ትገጥማለች። የባሏ እህት አንድ ቀን መጥታ ሁለቱ አንድ ኮምፕረሰር ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንዱ እያጉረመረመ ሌላዋ እየጮኸች ስታገኛቸው በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከንፈሯን አልመጠጠችም። ጫማዋን አወለቀችና ያደረውን ሳህን ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።

በዝናቡ ወቅት አንድ ቀን ካውያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሽቦ ስትቀጥል፣ ከበላይዋ «ስጪኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። ፒንሳውን ሳታይ አቀበለችው። ሽቦውን ሁለት ዙር ካጠማዘዘች በኋላ ነው እጇ የቆመው። ቀና ስትል ሐኪሙ ፒንሳውን እንደያዘ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ከሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነው። ደግመህ በለው ብትለው አልመጣለትም። በሳምንቱ ግን፣ ሳያስበው፣ ደግሞ መጣ። ነርሷ ስትሰማ «መንገዱ አለ ማለት ነው፤ አትቸኩሉበት» አለቻቸው።

የጣሪያው ማቀዝቀዣ ወሬ በሹፌሮች አፍ ዞረ። ሹፌር ደግሞ ወሬን ከጭነት ጋር ያደርሳል። አንድ ጠዋት የአውቶቡስ ማኅበር ኃላፊ መጥቶ፣ ወደ ቆላ የሚወርዱት አውቶቡሶች ማቀዝቀዣ እያስቸገራቸው እንደሆነ ተናገረና «የጣሪያ ሥራ ትሠራላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» አላቸው።

ካውያ ወደ ባሏ ተመለከተች። እሱ ምርኩዙን ፈልጎ ተነስቷል።

አውቶቡሱ ከባልና ሚስቱ የቤት መኪና ይረዝማል፤ ማሽኑም እጥፍ ነው። ካውያ ለባሏ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ወንበር አስቀመጠችለት፤ መሰላሉን አስደገፈች፤ ጆንያውን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች። ከላይ ሆና አየችው። ጭንቅላቱን ወደ አውቶቡሱ ዘንበል አድርጎ፣ ግራ እጁን ቆርቆሮው ላይ አሳርፏል።

«ዝግጁ ነህ?» ስትል ጠየቀችው።

እጁን አነሳ። ካውያ ለአውቶቡሱ ሹፌር ምልክት ሰጠችው፤ ማሽኑም መነሳት ጀመረ።